ትርፍ ጣት፣ ድርብ አክሊልና የጎጃም ዶሮ

በበዓል ዋዜማ በደብረ ማርቆስ ገበያ ዶሮ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ክብደቷን በእጁ ይመዝናል፤ ቀጥሎም የላባዋን መልክ፣ ቀይ፣ ገብስማ ወይም ወሠራ መሆኗን ይለያል፤ በመጨረሻም ራሷን ይመለከታል። በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ፣ ማለትም አክሊሏ፣ ድርብ ከሆነ ዋጋዋ ከፍ ይላል፤ ነጠላ ከሆነ ግን ገዢው ያመነታል። ይህ ልማድ ከአንድ ታላቅ የሳይንስ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው።

እንደሚታወቀው ዶሮ በአንድ እግሯ አራት ጣት አላት። ይሁን እንጂ ባለ አምስት ጣት ዶሮዎች ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። በአንደኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው የእርሻ ጸሐፊ ኮሉሜላ እነዚህን ከሁሉ የተመረጡ አድርጎ ቆጥሯቸዋል። የእንግሊዙ ዶርኪንግና የእስያው ሲልኪ ዛሬም ይህንኑ ትርፍ ጣት ይዘው ይገኛሉ።

ግሪጎር ሜንዴል በ1866 እ.ኤ.አ. ስለ አተር ያሳተመው ሕግ በ1900 እንደ ገና ሲታወቅ፣ ሕጉ በእንስሳት ላይ መሥራቱ ገና አልተረጋገጠም ነበር። እንግሊዛዊው ዊሊያም ባቴሰን በ1902 ባወጣው ዘገባ ማስረጃውን ከዶሮ አቀረበ። ትርፉ ጣትም ሆነ የአተር ቅርጽ ያለው ድርብ አክሊል ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም በልጅ ላይ ይገለጻል፤ ነጠላው አክሊል ግን ተሸፍኖ ይቆይና በሁለተኛው ትውልድ ከአራቱ በአንዱ ግድም ብቅ ይላል። ትርፉ ጣት ግን እንደ አክሊሉ የጸና አይደለም፤ ዘሩን ተሸክማ አራት ጣት ብቻ ያላት ዶሮ ትገኛለች፤ በአንዱ እግሯ አምስት፣ በሌላው አራት ያላትም አለች።

የኋላ ዘመን ምርምር ምክንያቱን ገልጿል። የአተር ቅርጹ አክሊል የሚመጣው ሶክስ 5 በተባለው ጂን ውስጥ አንድ ቁራጭ ብዙ ጊዜ በመደጋገሙ መሆኑ በ2009 ታወቀ። የሲልኪው ትርፍ ጣት ደግሞ ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለውን ጂን ከሚያዘው ክፍል አንዲት ፊደል በመለወጧ የሚመጣ ነው።

ወደ ጎጃም ስንመለስ፣ ሐሊማ ሐሰን በ2007 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የደብረ ኤልያስንና የጥሊሊን ጨምሮ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ሰባት የዶሮ ወገኖች መርምረዋል። በብዛት የታየውም የአተር ቅርጹ አክሊል ነበር።

ታዲያ ድርቡ አክሊል እስከ በዛ ድረስ የአገሩ ዘር ተጠብቋል ማለት ይቻላልን? አይቻልም። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድን የመሳሰሉ ዝርያዎች ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ነጠላ አክሊል ያለው የውጭ አውራ ዶሮ ንጹሕ ድርብ ከሆነች የአገር ዶሮ ጋር ቢዳቀል፣ ጫጩቶቹ ሁሉ ድርብ ሆነው ይወጣሉ፤ ደማቸው ግን በግማሽ የውጭ ነው። ዓይን የሚያየው አንዱን ጂን ብቻ ነው፤ ራሷ ለቅማ የምታድር፣ እንቁላሏን ታቅፋ የምትፈለፍል፣ የደጋውን ብርድ የለመደች ዶሮ ያደረጓት ብዙዎቹ ጂኖች ግን በአክሊል አይታወቁም።

ስለዚህ የጎጃምን ዶሮ ለማሻሻል የሚነሣ ሁሉ፣ ከመልክ አስቀድሞ የትውልድ መዝገብ መያዝ ይኖርበታል። ባቴሰን የዶሮን ምሥጢር የፈታው ራሷን በማየት ብቻ አልነበረም፤ የእናትና የአባቷን ማንነት በመመዝገብ ጭምር እንጂ።