የሶልቬ ግንብ፤ ከሰሌዳ እስከ ፋብሪካ

በኬሚስትሪ ትምህርት አንዱን እኩልታ በሰሌዳ ላይ ጽፈን ግራና ቀኙ ከተስተካከለ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። የሶዳ ሥራ ታሪክ ግን ይህ አሳባችን ስሕተት መሆኑን ያስረዳናል።

ለመስተዋትና ለሳሙና የሚያስፈልገው ሶዳ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በአብዛኛው የሚሠራው ፈረንሳዊው ኒኮላ ለብላን በ1791 (እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር) ፓተንት ባወጣበት ዘዴ ነበር። ይህም ዘዴ መርዘኛ የአሲድ ጋዝ ወደ አየር ይለቅ ስለ ነበረ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በ1863 ባወጣው ሕግ ከጋዙ ከመቶ 95 እጅ እንዲያዝ አዘዘ።

የተሻለው መንገድ ግን አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ፈረንሳዊው ኦጉስተን ፍሬኔል በ1811 አሞኒያ ባለበት የጨው ውሃ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢገባ ባይካርቦኔት እንደሚዘቅጥ ደርሶበት ነበር። ይሁን እንጂ 50 ዓመት ሙሉ ብዙዎች ሞክረው አልሆነላቸውም። እንከኑ ከእኩልታው አልነበረም፤ ጋዙን ከፈሳሹ ጋር በሚገባ ማገናኘትና ውዱን አሞኒያ ሳያባክኑ መልሶ መያዝ ስለ ከበደ ነው።

ይህን የፈታው በሕመም ምክንያት ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የቀረው የቤልጂግ ተወላጅ ኤርነስት ሶልቬ ነው። በ1861 ፓተንት አውጥቶ፣ በ1863 ከወንድሙ ከአልፍሬድ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። ፈሳሹ ከላይ ሲወርድ ጋዙ ከታች እየወጣ በየደረጃው የሚገናኙበትን ረጅም ግንብ ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ከባድ ስለ ነበሩ ሥራው ከውድቀት የዳነው በቤተ ሰቡ ገንዘብ ነው።

ግንቡም የራሱን ጥያቄ አመጣ። ፈሳሹ ክሪስታሉ በሚወለድበት ስፍራ በድንገት ከቀዘቀዘ ደቃቅ ክሪስታል ይበዛል፤ ደቃቁም ውሃ ይዞ ለማጣራት ያስቸግራል። በዝግታ ሲቀዘቅዝ ግን ክሪስታሉ ጐልቶ በቀላሉ ይጣራል። ደግሞም ክሪስታሉ በግንቡ ውስጥ እየተለጠፈ መንገዱን ስለሚዘጋ በየጊዜው መታጠብ አለበት።

ሒሳቡ የመጣው ዘግይቶ ነው። ዋልተር ዊትማን በ1923 ጋዝና ፈሳሽ በሚገናኙበት ድንበር በግራና በቀኝ ስስ ሽፋን እንዳለ አድርጎ አሰላ፤ ፒተር ዳንክወርትስም በ1951 የፈሳሹ ፊት ሁልጊዜ እንደሚታደስ አድርጎ አሻሻለው። ዛሬ የጋዙ መሻገርና የክሪስታሉ መወለድና ማደግ ባንድነት ይሰላሉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ እኩልታው ምን እንደሚሆን ሲነግረን፣ በምን ያህል ፍጥነትና በምን መልክ እንደሚሆን ግን ግንቡን ጠይቀን መረዳት እንዳለብን ነው።