የጾታ ሆርሞኖች ለጤና ያላቸው ሚና እና መጠናቸው ሲዛባ የሚያስከትሉት ችግር

አርሶ አደሩ የጾታ ሆርሞን የሚለውን ስም ባይሰማ እንኳ ሥራውን በበረቱ ሲያየው ኖሯል። ያልተቀጠቀጠ ኮርማ ከመንጋው ጋር ይዋጋል፤ ኮርማ የፈለገች ላም ካሸተተም አጥር ይጥሳል። ከተቀጠቀጠ በኋላ ግን ይረጋጋል፤ ለቀንበርም ይገራል። በግ እና ፍየልም ተቀጥቅጠው ሲቀለቡ ሙክት ይኾናሉ፤ ጮማም ያወጣሉ። ሥራውን ያቆመው የዘር ፍሬው ብቻ ነው፤ የተለወጠው ግን የእንስሳው ጠባይ፣ ሥጋ እና ጉልበት ጭምር ነው።

አንድ ትንሽ አካል መላ ሰውነትን እንዴት ሊያዝዝ እንደሚችል በሙከራ ያሳየው ጀርመናዊው የሕክምና ምሁር አርኖልድ በርትሆልድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1849 በጎቲንገን ከተማ የወጣት አውራ ዶሮዎችን የዘር ፍሬ አወጣ። የዘር ፍሬያቸው የወጣባቸው ዶሮዎች መጮኽ እና መዋጋት ተዉ፤ በራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ሳያድግ ቀረ። የዘር ፍሬው በሆዳቸው ውስጥ የተተከለላቸው ግን እንደ ማንኛውም አውራ ዶሮ አደጉ። የተተከለው የዘር ፍሬ ከቀድሞው የነርቭ መስመር ጋር ባለመገናኘቱ ምሁሩ ትእዛዙ የሚተላለፈው በደም በኩል መኾን አለበት ከሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። በደም ውስጥ የሚጓዘው ይህ መልእክተኛ ከጊዜ በኋላ ሆርሞን የሚል ስም ወጣለት።

ሦስቱ ዋና ዋና ሆርሞኖች

ኢስትሮጅን እና ፕሮጄስትሮን በዋናነት የሚመነጩት ከሴቷ እንቁላል ማምረቻ ነው። ቴስቶስትሮን ደግሞ በዋናነት ከወንዱ የዘር ፍሬ ይመነጫል። ይሁን እንጂ “የሴት” እና “የወንድ” ሆርሞን የሚለው አጠራር ሙሉውን እውነት አይገልጽም። ሦስቱም በሁለቱም ጾታዎች ሰውነት ውስጥ ይገኛሉ፤ የሚለያየው መጠናቸው ነው። በወንድ ሰውነት ውስጥ የቴስቶስትሮን ጥቂቱ ክፍል ወደ ኢስትሮጅን ይቀየራል፤ የወንዱን አጥንት ከሚያጠነክሩት ነገሮች አንዱም ይኸው ኢስትሮጅን ነው።

የሆርሞኖቹን መጠን የሚቆጣጠረው አንጎል ነው። በአንጎል ሥር የሚገኘው ፒቱታሪ የተባለ አነስተኛ እጢ ለዘር ፍሬ እና ለእንቁላል ማምረቻ ትእዛዝ ይልካል። ሆርሞኑ በደም ውስጥ ሲበዛ አንጎል ትእዛዙን ይቀንሳል፤ ሲያንስም ይጨምራል። አሠራሩ የመስኖ ውኃን ከሚያከፋፍል የውኃ አባት ጋር ይመሳሰላል። የውኃ አባት ማሳው ሲጠግብ ቦዩን ይዘጋል፤ ሲደርቅም ይከፍታል። ከባድ የምግብ እጥረት፣ የቆየ ሕመም፣ የበረታ ጭንቀት ወይም ከልክ ያለፈ ውፍረት ይህንን ሚዛን ሊያዛቡት ይችላሉ። በእነዚህ ጊዜያት የሴቷ የወር አበባ የሚዛባው ወይም የሚቋረጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከጉርምስና እስከ ማረጥ

የአካለ መጠን ለውጥ በአብዛኛው በሴቶች ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ለውጡ ከዚህ ዕድሜ ቀድሞ ከታየ ወይም ካለፈ በኋላ ምንም ምልክት ካልታየ ልጁን ወይም ልጅቱን ማስመርመር ያስፈልጋል። እስከ 15 ዓመቷ የወር አበባ ያላየች ልጅም መመርመር ይኖርባታል።

በየወሩ ኢስትሮጅን የማሕፀንን ውስጠኛ ግድግዳ ያሳድጋል፤ እንቁላል ከወጣ በኋላ ደግሞ ፕሮጄስትሮን ግድግዳውን ለእርግዝና ያዘጋጃል። እርግዝና ካልተፈጠረ ሁለቱም ሆርሞኖች ይቀንሳሉ፤ የወር አበባም ይመጣል። በአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀናት ባለው ልዩነት የሚመጣ የወር አበባ ጤናማ ነው። ከትምህርት ቤት ወይም ከሥራ የሚያስቀር ሕመም እና ደም ማነስ የሚያስከትል ብዙ መፍሰስ ግን “የሴት ልጅ ዕጣ ነው” ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከምክንያቶቹ አንዱ በእነዚሁ ሆርሞኖች የሚያድገው የማሕፀን እባጭ ሊኾን ይችላል፤ ሕክምናም አለው።

አብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ያርጣሉ። አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ለተከታታይ 12 ወራት ሳይመጣ ሲቀር ነው። በዚህ ጊዜ የኢስትሮጅን መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። ድንገተኛ ሙቀት፣ የሌሊት ላብ፣ የእንቅልፍ ማጣት እና የብልት ድርቀት ይታያሉ። እነዚህ ምልክቶች የሚያስጨንቁ ቢኾኑም በራሳቸው በሽታ አይደሉም።

በዝምታ የሚመጣው ጉዳት የአጥንት መሳሳት ነው። ኢስትሮጅን አጥንት ከልክ በላይ እንዳይሸረሸር ይጠብቃል፤ ሆርሞኑ ሲቀንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሳሳቱ ይፈጥናል። በዕድሜ የገፋች እናት ከደጃፍ ተደናቅፋ ብትወድቅ አንጓዋ ወይም ዳሌዋ በቀላሉ የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነው። የልብ እና የደም ሥር በሽታ ተጋላጭነትም ከማረጥ በኋላ ይጨምራል። በካልሲየም የበለጸጉ ምግቦች፣ የፀሐይ ብርሃን፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ ከትምባሆ መራቅ እና የደም ግፊትን መለካት ለዚህ ዕድሜ የሚመከሩ ናቸው።

በወንዶች ላይ እንደ ማረጥ ያለ ድንገተኛ ለውጥ የለም። ቴስቶስትሮን ከጎልማሳነት ጀምሮ በዝግታ ይቀንሳል። ድካም እና የወሲብ ፍላጎት ማነስ ሲከሰት ግን ምክንያቱ የሆርሞን መቀነስ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ የስኳር በሽታ፣ ድባቴ ወይም የአልኮል መጠጥም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ።

ልጅ ያልተወለደበት ትዳር

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ6 አዋቂዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመካንነት ችግር ይገጥመዋል። በገጠርም ኾነ በከተማ ጣት የሚቀሰረው ግን በሚስት ላይ ነው። ብዙ ሴቶች በዚህ ምክንያት ይፈታሉ፤ ይነቀፋሉ፤ ከጸበል ወደ ባሕል መድኃኒት ሲመላለሱም ዓመታት ያልፉባቸዋል። ባል ሳይመረመር ሌላ ያገባና በሁለተኛውም ትዳሩ ልጅ ሲያጣ ችግሩ ከማን እንደነበር ዘግይቶ ይታወቃል።

ችግሩ ከባል፣ ከሚስት ወይም ከሁለቱም ሊመነጭ ይችላል። የወንዱ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ሕመም የለሽ እና ከሴቷ ምርመራ ይልቅ ቀላል ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት አብረው መመርመር አለባቸው። ያለ እርግዝና መከላከያ አንድ ዓመት አብረው ኖረው ካላረገዘች፣ ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከኾነች ደግሞ ከ6 ወራት በኋላ ወደ ሐኪም መሄድ ይመከራል።

በሴቶች ላይ መካንነትን ከሚያስከትሉ የሆርሞን መዛባቶች ዋነኛው በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ፒሲኦኤስ የሚባለው ነው። በዓለም ዙሪያ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ 100 ሴቶች ከ10 እስከ 13 የሚኾኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። የወር አበባ ለወራት መዘግየት፣ በአገጭ እና በደረት ላይ ፀጉር መብቀል፣ ብጉር እና የክብደት መጨመር ምልክቶቹ ናቸው። ለስኳር በሽታም ያጋልጣል። ይህ እርግማንም የጥፋት ውጤትም አይደለም። ከልክ በላይ ውፍረት ላለባቸው ሴቶች ክብደትን በጥቂቱ መቀነስ እንኳ እንቁላል እንደገና እንዲወጣ ሊረዳ ይችላል፤ እንቁላል እንዲወጣ የሚያደርጉ መድኃኒቶችም አሉ።

ሆርሞን እና ካንሰር

በ1896 የስኮትላንዱ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን የተስፋፋ የጡት ካንሰር በነበራት ሴት ላይ እንቁላል ማምረቻዋን ሲያወጣ ካንሰሩ እንደቀነሰ ዘገበ። መነሻ ከኾኑት ነገሮች አንዱ የከብት አርቢዎች ልምድ ነበር። በአንዳንድ ሀገሮች ላም ከወለደች በኋላ እንቁላል ማምረቻዋ ከወጣ ለረዥም ጊዜ እንደምትታለብ ሰምቶ ስለነበር በእንቁላል ማምረቻ እና በጡት መካከል ግንኙነት መኖር አለበት ብሎ አሰበ። በ1941 ደግሞ ቻርልስ ሀጊንስ በቺካጎ የቴስቶስትሮን መቀነስ የተስፋፋ የፕሮስቴት ካንሰርን እንደሚያዳክም አሳየ፤ ለዚህ ሥራውም በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ከጡት ካንሰር ዓይነቶች ከግማሽ በላይ የሚኾኑት ለማደግ ኢስትሮጅንን ይጠቀማሉ። ለእነዚህ ታሞክሲፈን የተባለው እንክብል የኢስትሮጅንን መልእክት በጡት ላይ ይዘጋል። ሕክምናው በአብዛኛው 5 ዓመት እና ከዚያ በላይ የሚወስድ በመኾኑ ሕመም ጠፋ ብሎ ማቋረጥ አደገኛ ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው የካንሰር ዓይነት ነው። በጡት ላይ የሚወጣ እብጠት በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ሕመም አለመኖሩም የመዘግየት ምክንያት ሊኾን አይገባም።

የወሊድ መቆጣጠሪያ እና የሆርሞን ሕክምና

በጤና ኬላ እና በጤና ጣቢያ የሚሰጡት መርፌ እና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ከፕሮጄስትሮን ጋር የሚመሳሰል ሆርሞን ብቻ የያዙ ናቸው። አብዛኛው እንክብል ደግሞ ከዚሁ ጋር ኢስትሮጅን ይጨምራል። “መካን ያደርጋል” የሚለው ወሬ ከእውነት የራቀ ነው። የ3 ወሩ መርፌ ከተቋረጠ በኋላ ማርገዝ ለወራት ሊዘገይ ይችላል፤ መካንነት ግን አያስከትልም። በመርፌ እና በሚቀበረው መከላከያ ምክንያት የወር አበባ መዛባት ወይም መቅረት የተለመደ ነው።

ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል ግን ለሁሉም አይኾንም። ከፍተኛ የደም ግፊት ላለባት፣ ደም በደም ሥሯ ውስጥ ረግቶባት ለሚያውቅ፣ ወይም ከ35 ዓመት በላይ ኾና ትምባሆ ለምታጨስ ሴት ለደም መርጋት እና ለስትሮክ ያጋልጣል። እንክብሉን ከመጀመር በፊት የደም ግፊት መለካት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ያረጡ ሴቶች የሚወስዱት የሆርሞን ምትክም የራሱ ሚዛን አለው። በአሜሪካ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በ2002 ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ቆሟል። ኢስትሮጅን እና ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን በወሰዱት ላይ የአጥንት ስብራት ቢቀንስም የጡት ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ እና የደም መርጋት ጨምሮ ስለተገኘ ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች እንዳሳዩት ደግሞ ከ60 ዓመት በታች ለኾኑ፣ ካረጡ ብዙ ላልቆዩ እና ምልክቱ ለበረታባቸው ጤናማ ሴቶች ጥቅሙ ሊያመዝን ይችላል። ውሳኔው ከሐኪም ጋር ተመካክሮ የሚሰጥ እንጂ ከጎረቤት የሚወሰድ አይደለም።

ከውጭ የሚገባ ሆርሞን እና ኬሚካል

ጡንቻን ለማፈርጠም ሲባል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቴስቶስትሮን መውሰድ የታሰበውን ተቃራኒ ያመጣል። አንጎል በደም ውስጥ በቂ ሆርሞን እንዳለ ሲያይ ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ የዘር ፍሬው ይኮማተራል፤ የዘር ፈሳሽም ፍሬ አልባ ሊኾን ይችላል።

የተባይ ማጥፊያ ኬሚካሎችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። በ1977 በካሊፎርኒያ ዲቢሲፒ የተባለውን የአፈር ትል ማጥፊያ ያመርቱ የነበሩ ሠራተኞች የዘር ፍሬያቸው ተጎድቶ መካን ኾነው ተገኝተዋል። የዲዲቲ አንድ ቅሪትም የወንድ ሆርሞን መልእክት በሰውነት ውስጥ እንዳይደርስ እንደሚከለክል በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል። አርሶ አደሩ ሲረጭ አፍና አፍንጫውን እና እጁን መሸፈን፣ ከነፋስ አቅጣጫ መጠንቀቅ እና ከረጨ በኋላ መታጠብ አለበት። የኬሚካል ባዶ ዕቃ ታጥቦም ቢኾን ለውኃ፣ ለወተት ወይም ለዘይት መያዣ መዋል የለበትም።

ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ የማይዘገይባቸው ምልክቶች

ካረጠች ሴት የሚታይ ማንኛውም የደም መፍሰስ፣ አንድ ጊዜ እና ጥቂት ቢኾን እንኳ፣ የማሕፀን ወይም የማሕፀን በር ካንሰር ምልክት ሊኾን ስለሚችል መመርመር አለበት። በጡት ወይም በብብት ላይ የወጣ እብጠት፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም፣ እርግዝና ሳይኖር ለ3 ወራት የቀረ የወር አበባ፣ በዕድሜ በገፋ ወንድ ላይ የሽንት መቆራረጥ ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት፣ በወንድ የዘር ፍሬ ላይ የተፈጠረ ጠጣር እብጠትም እንዲሁ ጊዜ የማይሰጣቸው ናቸው። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በምትወስድ ሴት አንድ እግር ላይ ድንገት የሚከሰት እብጠት እና ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል።

እነዚህ ችግሮች ከሰውነት ድብቅ ክፍል ጋር የተያያዙ በመኾናቸው ብዙዎች አፍረው ይደብቋቸዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ በጊዜው ቢነገር በእንክብል ወይም በቀላል ሕክምና የሚፈታው ችግር ከዘገየ ሕይወት ይነጥቃል፤ ትዳርም ያፈርሳል። የመጀመሪያው እርምጃ በቀበሌ ለሚገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም በአቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ ለሚገኝ ባለሙያ ምልክቱን ሳይሸሽጉ መንገር ነው።