ዳኛው የት ይቁም? የበረዶ ሆኪ ዳኞች አቋቋም ከ1875 እስከ ዛሬ

የገና ጨዋታን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ስለ በረዶ ሆኪ ሲነገረው ጨዋታውን በዓይነ ኅሊናው ለመሳል ብዙ አይቸገርም። በሁለቱም ዘንድ ጫፉ የቆለመመ በትር አለ፤ በሁለቱም ዘንድ በትሩ የሚያሳድደው ትንሽ ነገር አለ፤ በሁለቱም ዘንድ ለቁርጭምጭሚት የሚራራ የለም። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዳኝነቱ ላይ ነው። የገና ጨዋታ በሰፊ መስክ ላይ የሚካሄድና በዕለቱም ጌታ በሎሌው አይቆጣም የሚል ልማድ ያለው በመሆኑ ጥፋት ቆጣሪ እምብዛም አላስፈለገውም። የበረዶ ሆኪ ግን ግድግዳ በከበበው ጠባብ ሜዳ ውስጥ ስለሚካሄድ ከመነሻው ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲከተለው ኖሯል፤ ይኸውም ዳኛው የት ይቁም የሚለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜዳው በሰሜን አሜሪካ ርዝመቱ 61፣ ወርዱ 26 ሜትር ያህል ነው። ዙሪያውን ከወገብ ከፍ ያለ ግድግዳ፣ ከግድግዳውም በላይ መስተዋት ይከበዋል። በኳስ ፈንታ የሚያገለግለው ፓክ የተባለው ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ሲሆን ውፍረቱ 2.5፣ የክበቡ ስፋት 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም እስከ 170 ግራም ነው። በኃይል ሲመታ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይወረወራል። በዚህ ሜዳ ላይ አሥራ ሁለት ተጫዋቾች ስለት ባለው ጫማ ይንሸራተታሉ። ዳኛው በመካከላቸው ሆኖ ራሱን ማዳን፣ ከጨዋታው መንገድ መውጣትና ሁሉንም ማየት አለበት። እነዚህ ሦስት ተግባሮች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ ደኅና የሚታይበት ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ አደገኛው ስፍራ ነውና።

በእግር ኳስ ረገድ ስታንሊ ራውስ በ1930ዎቹ ዓመታት ያስፋፉት የሰያፍ አካሄድ ለሙያው ባልደረቦች የታወቀ ነው። ዳኛው ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን እየተመላለሰ ጨዋታውን በራሱና በመስመር ዳኛው መካከል ያደርገዋል። ዘዴው መልካም ነው፤ ነገር ግን ስፋት ይፈልጋል። በ26 ሜትር ወርድ ላይ በሰያፍ ልሂድ የሚል ሰው ፓኩ ከሚተላለፍበት መንገድ መካከል ገብቶ ራሱ መሰናክል ይሆናል። ስለዚህ የበረዶው ዳኛ ግድግዳውን ተጠግቶ መሥራትን ተማረ። ይህን ለመማር ግን ዓመታት ወስዶበታል።

በደንብ ተዘጋጅቶ በአዳራሽ ውስጥ የተደረገው የመጀመሪያው የበረዶ ሆኪ ግጥሚያ በ1875 መጋቢት 3 ቀን በሞንትሪያል በቪክቶሪያ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ የተካሄደው ነው ተብሎ ይታመናል። በየወገኑ ዘጠኝ ተጫዋቾች ተሰልፈው ነበር። በዚያ ዘመን ግቡ መረብ አልነበረውም፤ ሁለት ቋሚዎች ብቻ ነበሩ። የግብ ዳኛ የሚባለውም ሰው ከቋሚዎቹ ኋላ እዚያው በረዶው ላይ ቆሞ ፓኩ በመካከላቸው ማለፍ አለማለፉን በዓይኑ ይፈርድ ነበር። መረቡ በ1900 ገደማ ሲመጣ ከክርክሩ ብዙውን አስቀረ። ከዚያ በፊት የነበሩት የግብ ዳኞች እንዴት ያለ ድፍረት እንደ ነበራቸው ለመገመት የፓኩን ክብደት መለስ ብሎ ማስታወስ ይበቃል።

የዋናው ዳኛ ስፍራ ደግሞ የሚወሰነው በደንቡ ነበር። በጥንቱ ሥርዓት ከፓኩ ቀድሞ የተገኘ አጥቂ እንደ ራግቢ ሁሉ ከጨዋታ ውጭ ይባል ነበር። ይህም ማለት ዳኛው የሚፈርድበት መስመር በሜዳው ላይ የተሰመረ ሳይሆን ከፓኩ ጋር አብሮ የሚሮጥ፣ የማይታይ መስመር ነበር። ስለሆነም ዳኛው ዘወትር ከፓኩ ጎን መሮጥ ነበረበት፤ ከፓኩ ርቆ የሚደረገውን ጥፋት ለማየት ጊዜም ቦታም አልነበረውም። ጨዋታ ሲጀመር ደግሞ ፓኩን ከሁለቱ ተጫዋቾች በትሮች መካከል በእጁ ያኖር ስለ ነበር ጣቱና ቅልጥሙ ለምት የተጋለጡ ነበሩ። ፓኩን ከላይ ጥሎ ፈቀቅ የማለቱን ልማድ በ1900 ገደማ የጀመሩት ፍሬድ ዋግሆርን የተባሉ የካናዳ ዳኛ እንደ ሆኑ ይነገራል። ዛሬ በየግጥሚያው የሚታየው ይህ ድርጊት ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ዳኛው የቆመበትን ስፍራ ለሥራውም ለአካሉም ሲል ከለወጠባቸው አጋጣሚዎች ግን ቀዳሚው ሳይሆን አይቀርም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከቀለም ነው። በ1917 የተቋቋመው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ በ1918 በሜዳው ላይ ሁለት ሰማያዊ መስመሮች አስምሮ ሜዳውን በሦስት ክልል ከፈለ፤ በመካከለኛው ክልል ውስጥ ፓኩን ወደ ፊት ማቀበልንም ፈቀደ። በ1929-30 የውድድር ዓመት ፈቃዱ በሦስቱም ክልሎች ውስጥ ጸና። አጥቂዎች ቀድመው ከግቡ ፊት እየቆሙ መጠባበቅ ስለ ጀመሩ፣ ገና ዓመቱ ሳይጋመስ በታኅሣሥ ወር ማንም አጥቂ ከፓኩ ቀድሞ ሰማያዊውን መስመር እንዳይሻገር ተከለከለ። የግብ ቁጥር ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ ገደማ ወጣ። ለዳኝነት ግን ከግቡ ብዛት ይልቅ ሌላው ነገር ይበልጣል። ከጨዋታ ውጭ መሆን አለመሆኑ በበረዶው ላይ በተሰመረ፣ በማይንቀሳቀስ መስመር መፈረድ ጀመረ። ለማይንቀሳቀስ መስመር ደግሞ የራሱን ጠባቂ መመደብ ይቻላል።

ሆኖም ስንት ጠባቂ እንደሚያስፈልግ ሊጉ ቶሎ አልቆረጠም። በ1933-34 አንድ ዋና ዳኛና አንድ የመስመር ዳኛ የነበሩበት ሥርዓት ቀርቶ ሁለት ዋና ዳኞች ተተኩ። ከአምስት የውድድር ዓመታት በኋላ፣ በ1938-39፣ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በ1940ዎቹ ዓመታት ሁለተኛ የመስመር ዳኛ ተጨምሮ የሦስቱ ሰዎች ሥርዓት ጸና፤ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይም ኖረ።

በዚህ ሥርዓት የመስመር ዳኛው ከሰማያዊው መስመር ዘንድ፣ ከክልሉ ውጭ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቃል። ፓኩ መስመሩን ከመሻገሩ በፊት እዚያ መድረስ አለበት፤ ዘግይቶ ከኋላ የሚመለከት ዳኛ አይቶ ሳይሆን ገምቶ ይፈርዳል። ፓኩ ግድግዳውን ታክኮ ወደ እርሱ ሲመጣ የግድግዳውን አናት በእጁ ይዞ እግሮቹን ያነሣና ከሥሩ ያሳልፈዋል። ዋናው ዳኛ በበኩሉ ጨዋታውን ከኋላ እየተከተለ በግድግዳው ጥግ ወደ ግቡ መስመር ይወርዳል፤ ከማዕዘኑና ከግቡ መካከል ቆሞ ያያል። ከግቡ ጀርባ ሦስት ሜትር የሚያህል የመጫወቻ ስፍራ ስላለ ትግሉ እዚያም ይቀጥላል። ፓኩ ዳኛው ወዳለበት ማዕዘን ከመጣ ዳኛው ስፍራውን ለተጫዋቾች ለቆ ወደ ግቡ ጎን ይጠጋል፤ ፓኩ ሲርቅ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ፊቱን ከጨዋታው ሳያዞር፣ አብዛኛውንም ጊዜ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው።

የሥርዓቱ ደካማ ጎን የሚገለጠው ጨዋታው ሲገለበጥ ነበር። ተከላካዩ ፓኩን ነጥቆ በአንድ ረጅም ቅብብል ሲልከው ጨዋታው በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ሃምሳ ሜትር ርቆ ይሄዳል፤ ከግቡ አጠገብ የነበረው ዳኛም ከሁሉ የኋለኛው ሰው ይሆናል። ከፊቱ ያለውን ሲያሳድድ የተጫዋቾችን ጀርባ ብቻ ያያል። እርሱ ጥሎ በሄደው ክልል ደግሞ ቂም ያለባቸው ሁለት ሰዎች በትር ቢማዘዙ የሚመለከታቸው የቅጣት ፊሽካ የሌለው የመስመር ዳኛ ብቻ ነው።

ይህን ጉድለት በጉልበት የሸፈኑ ዳኞች ነበሩ። ከሁሉ የሚያስደንቁት ቢል ቻድዊክ ናቸው። ኒው ዮርክ ተወልደው ያደጉት እኒህ ሰው በ1935 ገና ተጫዋች ሳሉ ፓክ መትቷቸው ቀኝ ዓይናቸው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ወደ ዳኝነት ተሻግረው እስከ 1955 ድረስ በሊጉ ሲያገለግሉ ጉድለታቸውን ብዙ ሰው አያውቅባቸውም ነበር። የጎደለውን ዓይን የተኩት በእግራቸው ነው፤ ከሌላው ዳኛ ይበልጥ ወደ ጨዋታው ይቀርቡ ነበር። ተመልካች ዳኛን ዕውር ብሎ መስደብ በየአገሩ የተለመደ ነው፤ በእርሳቸው ላይ የጮኸው ሰው ግማሽ እውነት መናገሩን አላወቀም። ጥፋቱን በእጅ ምልክት ማሳወቅም ከእርሳቸው ጋር ተያይዞ ይነሣል። በ1964 በሆኪ የክብር መዝገብ ስማቸው ሰፈረ።

ይሁን እንጂ እግር የማይደርስበት ቅጽበት አለ። በ1993 ግንቦት 27 ቀን ሎስ አንጀለስና ቶሮንቶ በግማሽ ፍጻሜው ስድስተኛ ግጥሚያ አራት ለአራት ወጥተው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ገቡ። ከቶሮንቶ ግብ ፊት ለፊት የዌይን ግሬትስኪ በትር የደግ ጊልሞርን አገጭ መትቶ አደማው። ዋናው ዳኛ ኬሪ ፍሬዘር የመስመር ዳኞቹን ጠየቁ፤ አየሁ ያለ አልተገኘም፤ ቅጣትም አልተሰጠም። ብዙም ሳይቆይ ግሬትስኪ የማሸነፊያዋን ግብ አገባ። ከሁለት ቀን በኋላ በሰባተኛው ግጥሚያ ቶሮንቶ ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። ፍሬዘር ቅጽበቱን እንዳላዩት በኋላ በይፋ ተናግረዋል። እኒህ ሰው በዘመኑ ከታወቁት ዳኞች አንዱ ነበሩ። በሜዳው ላይ ሦስት ዳኞች ነበሩ፤ በትር ስላደረሰው ጉዳት የመቅጣት ኃላፊነት በዋናነት የወደቀው ግን በአንዱ ሰው ዓይን ላይ ነበር፤ ያ ዓይን ደግሞ ተጋርዶ ነበር። ያላየውን አለመፍረዱ ትክክል ነው፤ ማየት አለመቻሉ ግን የሥርዓቱ ጉዳይ ነው።

ያ ምሽት ብቻውን ደንቡን ለወጠ ማለት አይቻልም፤ ሊጉ ግን በ1998-99 ሁለተኛውን ዋና ዳኛ በከፊል ሞክሮ ከ2000-01 ጀምሮ በሁሉም ግጥሚያዎች አጸናው። አሁን አንዱ ዳኛ ከግቡ መስመር ዘንድ ሲቆም ሌላው ከሰማያዊው መስመር ውጭ ሆኖ የኋላውን ይጠብቃል። ጨዋታው ሲገለበጥ ኋለኛው ቀድሞ ወደ ሁለተኛው ግብ ይወርዳል፤ ፊተኛው ይከተለዋል። ማንም ሰው ሙሉውን ሜዳ በአንድ ትንፋሽ አያሳድድም፤ የተጫዋቾች ጀርባም ተመልካች አገኘ።

ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት ግን አይደለም። ሜዳው አልሰፋም፤ በረዶው ላይ ያሉት ሰዎች ግን አሥራ ስድስት ሆኑ። ከዚህ የሚከብደው የሚዛኑ ነገር ነው። አንዱ ከአጠገቡ ሆኖ በቸልታ ያሳለፈውን ግፊያ ሌላው ከሃያ ሜትር ርቀት ፊሽካ ሲነፋበት ተጫዋቹ በየትኛው ሚዛን እንደሚዳኝ ግራ ይገባዋል። የአንድ ዳኛ ሥርዓት ብዙ ባያይም አንድ ፍርድ ነበረው። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን የሁለት ሰዎችን ሚዛን በልምምድና በመግባባት ማቀራረብ ይቻላል፤ ያልታየን ጥፋት መልሶ ማየት ግን በሰው ዓይን አይቻልም።

በካሜራ ይቻላል የሚል አይጠፋም። ሊጉ ከ1991-92 ጀምሮ ግብ መግባቱን፣ ከ2015-16 ጀምሮም በአሠልጣኝ ጥያቄ ከግቡ በፊት ከጨዋታ ውጭ የሆነ አጥቂ መኖሩን በምስል ይመረምራል። ለዚህ ሥራ የዋሉት ካሜራዎች የተተከሉት ከሰማያዊው መስመር ትይዩ፣ የመስመር ዳኛው ቀድሞ ደርሶ እንዲቆም በሚታዘዝበት አንጻር ነው።