ነጂ እና መሪ፦ ከሊማሊሞ ቁልቁለት እስከ መኪና ወንበር

መኪና የሚነዳ ሰው «ነጂ» ይባላል። በእጁ የጨበጠው ክብ ነገር ደግሞ «መሪ» ነው። ሁለቱም ቃላት ከሞተር በፊት የነበሩ ናቸው፤ ከጭነት ከብት ጋር የሚጓዝ ሰው የሚይዛቸውን ሁለት ቦታዎች ያመለክታሉ። የሚመራ ሰው ከፊት ሆኖ ገመድ ይስባል፣ መንገድ ያሳያል። የሚነዳ ሰው ከኋላ ሆኖ አለንጋውን ይዞ «መጭ!» እያለ ይከተላል። የፊተኛውና የኋለኛው ሰው አንድ ወንበር ላይ የተገናኙት መኪና ከመጣ ወዲህ ነው።

ፖለቲካችን ግን ልዩነቱን አልረሳም። «ሕዝቡን መራ» ምስጋና ነው፤ «ሕዝቡን ነዳ» ስድብ ነው። «የሚነዳ መንጋ» የሚለው ዘለፋ በየሰፈሩ ሲወረወር ከርሟል። ስድቡ የሚያርፈው በተነጂው ላይ ብቻ አይደለም፤ አብሮ የሚዋረድ አንድ የሥራ ስም አለ። ያ ሥራ ደግሞ ሰሜን ኢትዮጵያን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመግብ፣ ሲያለብስና ጨው ሲያቀምስ የኖረ ነው።

ቃሉ «ነድአ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የመጣ ነው፤ ከብትን ከኋላ ሆኖ ማስኬድ ማለት ነው። ከ«ወሰደ» «ወሳጅ» እንደሚወጣ ሁሉ፣ ከ«ነዳ»ም «ደ» ወደ «ጀ» ተለውጦ «ነጂ» ይወጣል። «መንጃ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። «ነዳጅ» ዘመድ ቢመስልም አይደለም፤ እሱ «ነደደ» ከሚለው፣ ከእሳቱ ወገን ነው። (የሚገርመው ከፈረንሳይኛ የተዋስነው «ሾፌር» በትውልዱ «አሙቂ» ማለት ነው፤ የእንፋሎት ሞተር እሳት ከሚያነድደው ሰው የተወረሰ ስም ነው። የነዳጅ እውነተኛ ዘመድ እሱ ነው።)

ከብት ነጂን ወደ መኪና ያሸጋገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። የዓረቡ «ሳኢቅ» ዛሬ ሹፌር ነው፤ ግሡ ግን ከብትና ግመል መንዳት ነበር። የእንግሊዙ «ድራይቨር»ም መንጋ ከመንዳት ተነስቶ መሪ የጨበጠ ነው። ስፔኖች በቅሎ ነጂያቸውን «አሪዬሮ» የሚሉት፣ እንስሳው እንዲሄድ ከሚጮኹት «አሬ!» ከሚለው ድምፅ ነው። በእኛ ቢሆን «መጭ ባይ» እንደማለት ነው።

የእኛን ነጂ በሥራው ላይ ለማየት ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወስደውን የድሮ መንገድ መከተል ነው። መንገዱ በዳባትና በደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ከዚያ ተከዜን ተሻግሮ በአድዋ በኩል ወደ ባሕሩ ይዘልቃል። ከባሕር ጨርቅ ይመጣል፤ ከትግራይ በኩል ከአፋር ዝቅታ የተቆረጠ አሞሌ ጨው ይመጣል። ቆዳ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና፣ መሸፈን የማይገባው እውነት፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች ደግሞ ወደ ባሕሩ ይወርዱ ነበር። «ተነዱ» የሚለው ቃል ለሰው ሲነገር ሁልጊዜ ዘይቤ አልነበረም።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው ከነጋዴዎች ጋር ነው። በተራራው ላይ ቀረጥ ተቀባዮች ይጠብቁ እንደነበር ጽፏል። በዚያ አገር «በር» የሚባለው የቤት መዝጊያ ብቻ አይደለም፤ ተራራው አላሳልፍ ሲል የሚገኘው ጠባብ ማለፊያም በር ነው። ሳንቃ በር፣ ወልቀፊት በር፣ ወደ ሸዋም ጣርማ በር። ማለፊያው ጠባብ ስለሆነ ሰው በቀላሉ ይቆጠራል፤ ሰው በሚቆጠርበት ቦታ ደግሞ ኬላ ይተከላል።

እዚህ ላይ የስሞቹ ዕጣ ይለያያል። «ነጋዴ» የሚለው ቃል «ነገደ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ትርጉሙ መገበያየት ብቻ ሳይሆን መጓዝም ነው። «እንግዳ» የሚለውንም ቃል የግዕዝ መዝገበ ቃላት ከዚሁ ሥር ያስቀምጡታል። የነጋዴዎቹ አለቃ «ነጋድራስ» ነበር፤ ቅፍለቱን የሚያደራጅ፣ ኬላ ላይ የሚከራከር። ውሎ አድሮ ነጋድራሱ ራሱ ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነ፤ ኬላው ላይ ይከራከር የነበረው ሰው ኬላውን ያዘ ማለት ነው። ከዚያም ማዕረጉ ከበቅሎው ኮቴ ጨርሶ ራቀ። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1907 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ኃላፊነት የተሰጠው ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር። የምጣኔ ሀብት አሳቢው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ልብ ወለድ ጸሐፊው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ አዝማሪው ተሰማ እሸቴ፣ ሁሉም ነጋድራስ ተብለዋል።

«ነጂራስ» የሚባል ማዕረግ ግን በታሪካችን የለም። የቤተ መንግሥቱ ፈረስ እንኳ ባልደራስ ነበረው። ጨው የጫነውን በቅሎ በእግሩ የተከተለው ሰው ግን ሥራውን እንጂ ሹመቱን አላገኘም። ሥራው ደግሞ ማንም የሚሠራው አልነበረም። ቁልቁለት ላይ ጭነት ወደ አንገት እንዳይንሸራተት መጫኛውን ማጥበቅ፣ ዳገት ላይ ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይሄድ መቆጣጠር፣ ጀርባው የተገጠበውን እንስሳ ከጭነት ማሳረፍ፣ የትኛው በቅሎ ከየትኛው ጋር እንደማይስማማ ማወቅ፣ ሁሉም የእሱ ነው። ይህ ሁሉ የሚታየው ከኋላ ነው፤ ነጂ ከኋላ የሚሄደው ለዚህ ነው እንጂ ትንሽ ሰው ስለሆነ አይደለም።

ንቀቱ እንስሳውንም አልማረም። ጭነት ተሸክሞ አገር ያቋረጠው አጋሰስ ዛሬ ስሙ የሆዳምና የደነዝ ስድብ ሆኗል። ፖለቲከኞች የሚወዱት «ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ግመሎቹ ይሄዳሉ» የሚለው አባባልም ውስጥ ውሻ አለ፣ ግመል አለ፤ ግመሎቹን የሚነዳቸው ሰው የለም።

ለውጡ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ጣሊያኖች ሊማሊሞን እየጠረቡ የመኪና መንገድ አወጡበት፤ በወልቀፊት ያሰፈሩት ጦርም እስከ መስከረም 1941 እ.ኤ.አ. ድረስ እዚያው ሲዋጋ ቆይቶ እጁን ሰጠ። ከዚያ በኋላ ጭነቱን ትሬንታ ኳትሮና ኤንትሬ ወሰዱት። ቃሉም ጭነቱን ተከትሎ መኪናው ላይ ወጣ። የሰሜኑ ነጂ ስሙን የተነጠቀው በዚህ መንገድ ነው፤ በቅሎውን የያዘው ሰው «በቅሎ» የሚል ቃል ካልተጨመረለት በቀር «ነጂ» ሲባል ማንም አያስታውሰውም።

አሁን ደግሞ ተራው የሹፌሩ ይመስላል። ሕጉ «ነጂ»ን ትቶ ከመንኰራኵር የተወለደውን «አሽከርካሪ» መርጧል፤ የአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ስም «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ነው። ሕዝቡ ግን ዛሬም የሚያወጣው «መንጃ ፈቃድ» ነው፤ ትራፊክ ፖሊስም የሚጠይቀው እሱኑ ነው።

የመጀመሪያው ነጂ ከሥራው የተገናኘበት አንድ ቦታ ቢኖር የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዓመት በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ ግጦሹ ለዋልያ ተለቀቀ። ደጋ ላይ ከብት እየነዳ ላደገ ሰው ከተማ ውስጥ ምን ሥራ አለ? በቅሎ ያለው ለጎብኚ ያከራያል። ጎብኚ ሲጠፋ ግን ኪራዩም ይጠፋል፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ሲደርስ የሆነው ይኸው ነው፤ ቆይቶም በክልሉ የተነሳው ግጭት ጎብኚውን መልሶ አራቀ።

በአስጎብኚ ድርጅቶች የዋጋ ዝርዝር ላይ በቅሎው ለብቻው፣ ከበቅሎው ጋር የሚሄደው ሰውም ለብቻው ዋጋ አላቸው። ሰውየው በእንግሊዝኛ «ሙሌቲር» ተብሎ ይጻፋል። ጠዋት ጎብኚው ከቡይት ራስ በእግሩ ሲነሳ እሱ ገና ድንኳንና ድስት እየጫነ ነው፤ ቀን ላይ መንገድ ላይ ያልፈዋል፤ ማታ ጎብኚው ሳንቃ በር ሲደርስ ጭነቱ ወርዶ በቅሎዎቹ ሣር እየጋጡ ነው።