ከዋርካው ሥር እስከ አዳራሹ፤ ስለ ንግግርና ስለ ክርክር

የትምህርት ቤታችን የስድሳኛ ዓመት መታሰቢያ መጽሔት አዘጋጆች የክርክር ክበባችንን ታሪክ እንድንጽፍ ባዘዙን ጊዜ በመጀመሪያ የሄድነው ወደ ክበቡ ሣጥን ነበር። በውስጡ ያገኘነው አንድ የእጅ ደወል፣ አንድ የቆመ የጠረጴዛ ሰዓት፣ የሁለት ዓመት የአባላት ስም ዝርዝርና ዳሩ የተቀደደ ማስታወቂያ ብቻ ነው። የእግር ኳስ ቡድናችን ዋንጫዎቹን በዲሬክተሩ ቢሮ በመስተዋት ሣጥን ደርድሯል፤ የሥዕል ክበቡም ሥራ በየግድግዳው ተሰቅሎ ይታያል። ተናጋሪ ግን ተናግሮ ከመድረክ ሲወርድ ከኋላው የሚቀር ዕቃ የለም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ከመዝገብ ቀድተን ሳይሆን ከታሪክ መጻሕፍት፣ ከሽማግሌ ቃልና ከራሳችን ትዝታ አጠራቅመን መሆኑን አንባቢዎቻችን አስቀድመው እንዲያውቁልን እንለምናለን።

አብዛኞቻችን ክርክር ማለት ከእንግሊዝኛ ቋንቋ ጋራ ከባሕር ማዶ የመጣልን የፈረንጅ ጨዋታ ይመስለን ነበር። ይህን አሳባችንን ያስለወጡን ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ለፈተና ተይዞ ስለ ነበር ወንበራችንን ተሸክመን በግቢው ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። የዚያን ቀን አርእስት «ተማሪ ወደ ክፍል ስልክ ይዞ ይግባ ወይስ አይግባ» የሚል ነበር። ዘበኛው በትራቸውን ተደግፈው ጥቂት ካዳመጡን በኋላ ሣቁና «ልጆቼ፣ ትሟገታላችሁ እንጂ ዳኛችሁ የታለ? ዋሳችሁስ ማን ነው? ምንስ ተወራረዳችሁ?» ብለው ጠየቁን። እሳቸው በልጅነታቸው፣ አባታቸው በአጥቢያ ዳኛ ፊት ስለ ርስት ሲሟገቱ ስንቅ እያቀበሉ ያዩትን ሁሉ ነገሩን። እኛም የስልኩን ነገር ትተን እሳቸውን ስናዳምጥ የመውጫው ደወል ተደወለ።

ከዚያ በኋላ በመጻሕፍት ያነበብነው የሳቸውን ቃል የሚደግፍ ሆኖ አገኘነው። በቀድሞ ዘመን ባላገር በተጣላ ጊዜ ሩቅ ችሎት ድረስ መሄድ ሳያሻው መንገደኛውን ትልቅ ሰው ዳኛ አድርጎ ይይዘው ነበር። ዳኛው ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን አደግድገው፣ በትራቸውን ይዘው ግራና ቀኝ ይቆማሉ። አንዱ «ተጠየቅ» ብሎ ይነሣል፤ ሌላው «በላ ልበልሃ» ብሎ ይመልሳል፤ ጥያቄውም መልሱም ቤት እየመታ፣ በጣትና በበትር እየተጠቆመ ይወርዳል። ነገሩ በጠነከረ ጊዜ እሰጥ አገባ ይባባሉና አንዱ ማር፣ አንዱ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዳል፤ የተረታውም ይከፍላል። ክርክሩ በአንድ ቀን ያላለቀ እንደ ሆነ ሁለቱ ባለጋሮች እንዳይሸሹ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ሚቀጥለው ዳኛ ይሄዱ ነበር። ከተጣሉት ሰው ጋራ በአንድ ኩታ ታስሮ ወንዝ መሻገር ምን ያህል እንደሚያስቸግር አስቡት! ነገር ግን እስኪፈረድ ድረስ አንዱ ሌላውን ሳይጎዳ ይዞት መድረስ ግዴታው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን አንድ ሌላ ሥርዓት ነው። በቀድሞው ችሎት ፍርድ ሊሰጥ ሲል ተሰብሳቢዎቹ ተራ በተራ አስተያየት ሲሰጡ የሚጀምረው ትንሹ ነው፤ ከዚያም ማዕረጉ እያደገ ሄዶ የትልቁ ሰው ቃል በመጨረሻ ይሰማል። ምክንያቱም ትልቁ አስቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ፈርቶ የሱን ቃል ስለሚደግም ነው። እኛ ግን በክበባችን ሁልጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እየጀመረ ዘጠነኛ ክፍል ጊዜ ሲተርፍ ብቻ «ሌላ የምትሉት አለ?» እየተባለ ይጠየቅ ነበር። ማንም የሚለው ነገር ኖሮት አያውቅም።

የቅኔ ቤቱንም ሳናነሣ ብናልፍ ነውር ይሆንብናል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻ እያባረረው ቁራሽ ለምኖ ከተመለሰ በኋላ ለብቻው ተገልሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በምሽትም በየኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሆኖም በሁለቱ ቤት ውስጥ አንድ ስሕተት ቢገኝ በጓደኞቹ ሁሉ ፊት ይታረማል። ምሳ ዕቃችንን ይዘን በታክሲ የምንመጣው እኛ፣ ሦስት ደቂቃ መቆም የሚያንቀጠቅጠን፣ ይህን ስናነብ ትንሽ አፍረናል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲከፈት ንግግር ሌላ መልክ ያዘ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም.፣ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. ተከፈቱ። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን በወረረ ጊዜ ሥራው ሁሉ ተቋረጠ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላም ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ፣ በ1946 ደግሞ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። እነዚህ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። አዳሪ ተማሪ ከእራት በኋላ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ያለው ሰዓት ረጅም ነው፤ ጥናቱ፣ ማኅበሩ፣ ጨዋታውና ክርክሩ የሚያድገውም በዚያ ሰዓት ነው።

ከእንግሊዞች የተወሰደው የክርክር ሥርዓት የሚመነጨው በ1815 ከተቋቋመው የካምብሪጅና በ1823 ከተቋቋመው የኦክስፎርድ ተማሪዎች ማኅበር ነው። ሊቀ መንበር ይሰየማል፤ አሳብ ይቀርባል፤ ደጋፊና ተቃዋሚ በየተራ ይነሣሉ፤ ሰዓት ጠባቂው ደወል ይመታል፤ በመጨረሻም ቤቱ ድምፅ ይሰጣል። ከዋርካው ሙግት የሚለየው በአንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ይኸውም ተናጋሪው የሚቆምበት ወገን በዕጣ ስለሚደርሰው የማያምንበትን ነገር መደገፍ ይገደዳል። የባላገሩ ሙግት የራሱ መሬት፣ የራሱ በቅሎ ነበር። ከወላጆቻችን መካከል «ያላመነበትን የሚናገር ልጅ ውሸት ይለምዳል» ብለው የተቆጡን አሉ። መጀመሪያ እኛም መልስ አልነበረንም። አሁን ግን እንዲህ እንላለን፤ የባለጋራን አሳብ በራስ አፍ ሳይናገሩት በእውነት መረዳት አይቻልም። ይህን ያወቅነው የጠላነውን ወገን ደግፈን ያሸነፍን ዕለት ማታ እንቅልፍ አጥተን ነው።

የቋንቋው ነገር ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተመደቡ ጊዜ እንግሊዝኛ መናገር ይበልጥ ተስፋፋ። በዚያው ዘመን አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ ቀጠለ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲም ለአንደኛ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎችን ሲፈቅድ ሁለተኛ ደረጃውን በእንግሊዝኛ ተወው። እንዲህ ስለ ሆነ ስንት ተረብ የሚያውቅ፣ በመንደሩ ዕድር ላይ ሽማግሌ የሚያስቅ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ዲዳ ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን በየክፍሉ ሲገባ ደግሞ የሚናገረው መስተዋቱ፣ የሚሰማው ተማሪው ሆነ። ተማሪ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው ቆሞ አይጠብቀውም። ከኛ በፊት የተማሩ ታላላቆቻችን ጓደኛቸው ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አሳክቶ ሳይጨርስ ትምህርቱ ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ ይሻገር እንደ ነበር ያወሩናል።

ስለ ንግግር ታሪክ ስንጽፍ ዝም ብለን ልናልፈው የማይገባን ዘመንም አለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኮሌጁ ቀን የሚነበቡት የተማሪዎች ግጥሞች ስለ ድሀው ኑሮ መናገር ጀመሩ፤ ነገሩም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወረደ። ተማሪው ስለ መሬት፣ ስለ ብሔረሰቦች፣ ስለ ትምህርት ፖሊሲ ይከራከር ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. አስተማሪዎች ሥራ አቆሙ፤ አብዮቱም ፈነዳ። በ1967 ዓ.ም. ወደ ስድሳ ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» በተባለው ዓምድ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ በአንድ ጠረጴዛ የበሉ ሰዎች በብዕር ሲከራከሩ ሕዝቡ ያነብ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን ክርክሩ ቀርቶ መገዳደል ሆነ። በየቤታችን ግድግዳ የተማሪ ልብስ እንደ ለበሱ የተነሡት ፎቶግራፍ የተሰቀለ፣ ስማቸው ዝግ ብሎ የሚጠራ አጎቶችና አክስቶች አሉን። ስለ አንደኛው ስንጠይቅ አያታችን «ተናጋሪ ነበር» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ለክርክር ክበብ መመዝገባችንን ሰምታ ሦስት ቀን ያላነጋገረችን ለምን እንደ ሆነ የገባን ያን ጊዜ ነው።

ስለ ዛሬው ኑሯችን ጥቂት እንበል። ጠዋት ሰልፍ አለ፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ የዘገየ ከበር ውጭ ይቀራል፤ በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ሙዚቃ እያጫወተ ግጥምና ማስታወቂያ ያሰማል። ዓርብ ግን የኛ ቀን ነው። አዲስ አባል የሚጀምረው «ከእሳትና ከውሃ ማን ይበልጣል» በሚለው በጥንቱ አርእስት ነው፤ ይህን ያላለፈ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ያለ አይመስለንም። በአደባባይ ሲናገሩ የሚመጣው ጭንቀት የታወቀ ነው፤ አፍ ይደርቃል፣ ጉልበት ይከዳል፣ የተጻፈው ወረቀት እንደ ቅጠል ይርገበገባል። ወረቀት የያዘ እጁ ሲንቀጠቀጥ ስለሚታይበት፣ በትንሽ ካርቶን ላይ ሦስት ቃል ብቻ ጽፎ መውጣት እንደሚሻል ለታናናሾቻችን እንመክራለን።

ዘበኛችን ያስተማሩንን ለመሞከር ባለፈው ዓመት የየካቲት ወር ክርክር ላይ ሥርዓቱን ገለበጥነው፤ ዘጠነኛ ክፍል እንዲጀምር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ እንዲናገር ወሰንን። አርእስቱ «ክበባችን ከእንግሊዝኛ ይልቅ በአማርኛ ይከራከር» የሚል ነበር። ለኛ በዕጣ የደረሰን እንግሊዝኛውን መደገፍ ነው። ያለን ማስረጃ ብዙ ነበር፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ነው እያልን ስናጠና ሰነበትን።

መጀመሪያ የተነሣችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል እኅታችን ናት። ከዚያ በፊት ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም። እንዲህ አለች፤ «እናንተ በአማርኛ ወይስ በእንግሊዝኛ ትላላችሁ። እኔ በቤቴ የምናገረው ኦሮምኛ ነው። እኔ ሁለቱንም የተማርኳቸው ናቸው፤ በሁለቱም እያሰብኩ ቃል እፈልጋለሁ። ስለዚህ ቋንቋ እንድትመርጡልኝ አይደለም የምጠይቀው። ቃሉን እስካገኝ ደወሉን እንዳትመቱብኝ ነው»። ይህን ስትናገር ሦስት ጊዜ ቆማለች፤ በሦስተኛው ጊዜ ሰዓት ጠባቂው ደወሉን አንሥቶ ነበር፤ አይቷት መልሶ አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ ያጠናነውን ብንናገርም ለራሳችንም ጥሞ አልተሰማንም። ድምፅ ሲሰጥ በሦስት ድምፅ ተሸነፍን። አንዱ ተቃዋሚያችን በደስታ ጠረጴዛ ላይ ወጣና የጠረጴዛውን እግር ሰበረ፤ ማክሰኞ ዕለት ከኛ ጋራ ሆኖ ጠገነው። ክበቡም በሚቀጥለው ዓርብ ተሰብስቦ ሁለት ውሳኔ አደረገ። አንደኛው፣ አንድ ሳምንት በአማርኛ አንድ ሳምንት በእንግሊዝኛ እንዲሆን ነው። ሁለተኛው፣ ለጀማሪ ተናጋሪ ደወሉ በሦስተኛው ደቂቃ ሳይሆን በአምስተኛው እንዲመታ ነው። በኦሮምኛም አንድ ዓርብ ይሰጥ የሚል አሳብ ቀርቦ ገና ሳይቆረጥ ለመስከረም አድሯል፤ የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ማን እንደምትሆን ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል።

ሁለቱን ውሳኔዎች የጻፍንበትን ደብተር ከደወሉ አጠገብ በሣጥኑ ውስጥ አስቀምጠናል። የቆመውንም ሰዓት ዘበኛችን ወስደው አሠርተው መልሰውልናል፤ በቀን አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።