ጠመኔ የያዘ እጅ ሽጉጥ ሲጨብጥ

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ ታኅሣሥ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 2014)። በሰሜን ምዕራብ ፓኪስታን፣ በፔሻዋር ከተማ፣ የጦር ሠራዊቱ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በአዳራሽ ተሰብስበው የመጀመሪያ ዕርዳታ አሰጣጥ ይማራሉ። የፓኪስታን ታሊባን ታጣቂዎች በኋላ በኩል አጥር ዘለው ገቡ። ከሰዓታት ውጊያ በኋላ ጦሩ ግቢውን ሲቆጣጠር ከ140 በላይ ሰዎች ተገድለው ነበር፤ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ርዕሰ መምህርቷ ጣሂራ ቃዚ ተማሪዎቻቸውን ጥለው አልወጡም፤ እዚያው ተገደሉ።

አገሪቱ ገና ሐዘን ላይ እያለች አንድ ጥያቄ ተነሣ፦ የቀሩትን ትምህርት ቤቶች ማን ይጠብቅ?

ፔሻዋር የምትገኝበት የኸይበር ፓኽቱንኽዋ ግዛት መንግሥት በጃንዋሪ 2015 መልስ ሰጠ። መምህራን ፈቃድ ያለው መሣሪያ ይዘው ወደ ክፍል እንዲገቡ ተፈቀደ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፣ ለሁሉም የሚበቃ ፖሊስ የለም። ፖሊስ ሴት መምህራንን ሳይቀር ተኩስ ማሠልጠን ጀመረ። የመምህራን ማኅበር ግን ተቃወመ፤ የመምህር ሥራ ማስተማር ነው፣ ጥበቃው የመንግሥት ነው አለ።

በቀጣዩ አንድ ዓመት የሁለቱም ወገን ክርክር በተግባር ተፈተነ።

በጁላይ 2015 በስዋት ሸለቆ፣ በሚንጎራ ከተማ፣ አንድ መምህር ትምህርት ቤት ውስጥ ሽጉጡን ሲያጸዳ ባረቀበት። ጥይቱ የ12 ዓመት ተማሪ ገደለ። ልጅ ይጠብቃል የተባለው መሣሪያ ልጅ በላ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከስድስት ወር ያህል በኋላ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2016፣ ታጣቂዎች በጭጋግ ተሸፍነው ቻርሳዳ በሚገኘው የባቻ ኻን ዩኒቨርሲቲ ላይ ጥቃት አደረሱ። ዩኒቨርሲቲው የተሰየመው ያለ ጦር መሣሪያ በመታገል በሚታወቁት ሰው ነው፤ ዕለቱም የሞቱበት ቀን መታሰቢያ ነበር። የኬሚስትሪ መምህሩ ሰይድ ሐሚድ ሑሴን ተማሪዎቹ ከክፍል እንዳይወጡ ነግሮ በሽጉጡ ተኮሰ። ለተማሪዎቹ ማምለጫ ጊዜ እንደሰጣቸው በሕይወት የተረፉት መሰከሩ። እርሱ ግን ተገደለ፤ ከእርሱ ጋር ሃያ ያህል ሰዎች አለቁ። አጥቂዎቹን መክተው ያቆዩት የግቢው ዘበኞች፣ የጨረሷቸው ደግሞ ፖሊስና ጦሩ ነበሩ።

እንግዲህ መምህር ቢታጠቅ ምንም አይጠቅምም ማለት አይቻልም። በአሜሪካም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ1997 በሚሲሲፒ፣ በፐርል ከተማ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጆኤል ማይሪክ ከመኪናው ሽጉጥ አምጥቶ ሁለት ተማሪዎች የገደለውን ወጣት ይዞ ለፖሊስ አስረክቧል።

ግን መምህሩ የታጠቀው መቼ መቼ ነው? በ2007 በቴክሳስ፣ ሃሮልድ የተባለች ትንሽ የገጠር ከተማ ሠራተኞቿ በትምህርት ቤት እንዲታጠቁ ስትፈቅድ ያቀረበችው ምክንያት ፖሊስ ሩቅ ነው የሚል ነበር። የኸይበር ፓኽቱንኽዋ መንግሥትም ያለው ይህንኑ ነው። መምህር የሚታጠቀው መንግሥት «አልደርስም» ሲል ነው።

መንግሥት ደርሶስ? ሜይ 24 ቀን 2022 በቴክሳስ፣ በኡቫልዴ፣ 376 የሕግ አስከባሪዎች ወደ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጡ። አጥቂው ግን የተገደለው ከ77 ደቂቃ በኋላ ነበር፤ 19 ልጆችና ሁለት መምህራን ሞቱ። የማስታጠቅ ደጋፊዎች ይህን አይተው «ከዚህ በኋላ ማንን እንጠብቅ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የሠለጠነና ጥሩር የለበሰ ፖሊስ በአንድ ጠመንጃ ፊት ካመነታ፣ ከሒሳብ መምህሯ ምን ይጠበቃል?

በሚቀጥለው ወር ኦሃዮ መልሷን ሰጠች። የታጠቀ የትምህርት ቤት ሠራተኛ ይወስደው የነበረው ከ700 ሰዓት በላይ ሥልጠና፣ ግዴታው ከ24 ሰዓት እንዳይበልጥ ተደረገ። ውሳኔው ለየትምህርት ቤቱ ቦርድ የተተወ ነው፤ የፈቀደ ቦርድ ግን ለሕዝብ ማሳወቅ አለበት። በኮሎምበስና አካባቢው ልጆቻቸውን ለሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ቦርዱን መጠየቅ መብታቸው ነው።

ሌላ መንገድም ነበር። በሜይ 1974 በእስራኤል፣ በማዓሎት ከተማ፣ ታጣቂዎች ተማሪዎችን አግተው ከ20 በላይ ልጆች ሞቱ። እስራኤል መምህራኖቿን አስታጥቃለች እየተባለ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ከማዓሎት በኋላ የሆነው ግን በዋናነት በትምህርት ቤት በር ላይ የታጠቀ ጥበቃ ማቆም፣ ተማሪዎች ለጉብኝት ሲወጡም አጃቢ መመደብ ነው። ዘበኛው ዘበኛ፣ መምህሩ መምህር ሆኖ ቀጠለ። ወጪ አለው። ወጪውን ግን የተሸከመው መንግሥትና ማኅበረሰቡ እንጂ የአንድ መምህር ኅሊና አይደለም።

ሐሚድ ሑሴን ጀግና ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ጣሂራ ቃዚም ባዶ እጃቸውን ጀግና ናቸው። ሁለቱም ሞተዋል። የሁለቱም ጀግንነት ያስፈለገው ደግሞ ገዳዩ ክፍል ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ነው። መንግሥት በመምህሩ ወገብ ላይ ሽጉጥ ሲያስር አጥሩን፣ በሩንና ዘበኛውን የማሟላት ግዴታው አብሮ ወደ መምህሩ አይተላለፍም። ልጁን በጠዋት በር ላይ ተቀብሎ ማታ በሰላም የመመለስ ዕዳ አሁንም የመንግሥት ነው።