የሽቦው ስምና የሁካታው ስም

የሬዲዮ ሽቦ ስም ታሪክ ከሬዲዮ በፊት ይጀምራል። አርስቶትል በነፍሳት ራስ ላይ የሚታዩትን ቀንዶች «ኬራያ» ብሏቸው ነበር፤ ይህ የግሪክ ቃል ቀንድ መሰል ነገርንም፣ የመርከብ ሸራ የሚሰቀልበትን አግዳሚ እንጨትም ያመለክታል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት ቴዎዶሮስ ጋዛ የአርስቶትልን የእንስሳት መጻሕፍት ወደ ላቲን ሲመልስ የመርከበኞቹን ፍቺ መርጦ «አንቴና» አለ። ነፍሳት የሸራ እንጨት ተሸክመው የቀሩት እንግዲህ በአንድ ተርጓሚ ምርጫ ነው። በጣልያንኛ ቃሉ የምሰሶም ስም ነበር፤ በማርኮኒ ዘመን ከተሸካሚው ምሰሶ ወደ ሽቦው ተሻገረ። ወደ አማርኛ የገባው ተጠናቆ ነውና በእርሱ ላይ ክርክር የለንም።

የሚያከራክረን፣ መልእክት ሳይሆን ከመልእክቱ ጋር ተደባልቆ የሚሰማው ነገር ስም ነው። አንዳንድ ትርጉሞች «ድምፅ» ይሉታል። «ድምፅን መቀነስ» የሚል መመሪያ ያነበበ ሰው ግን የሬዲዮኑን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፤ ከሁካታው ጋርም መልእክቱን ያጣል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚከብድ በ1921 (እ.ኤ.አ.) ታይቷል። የአሜሪካ አማተሮች በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ወደ ብሪታንያ ያደረጉት ሙከራ ፍሬ አልሰጠም። ማኅበራቸው ቆይቶ ፖል ጎድሊን ወደ ስኮትላንድ ላካቸው። እርሳቸውም አርድሮሳን በተባለች የባሕር ዳር ከተማ 400 ሜትር የሚጠጋ ሽቦ፣ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ፣ ወደ አሜሪካ አቅጣጫ ዘረጉ። ዘዴው የሃሮልድ ቤቨሬጅ ነበር። የሽቦው ሩቅ ጫፍ በሬዚስተር በኩል ከመሬት ጋር ይያያዛል፤ ከፊት የሚመጣው ሞገድ ወደ መቀበያው እየጎለበተ ይጓዛል፣ ከኋላ የሚመጣው ግን ሩቁን ጫፍ ደርሶ በሬዚስተሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ሽቦ ለማስተላለፍ የማይረባ ነው፤ የሚቀበለውም ምልክት ደካማ ነው። ነገር ግን ከየአቅጣጫው የሚመጣው የመብረቅ ሁካታ ከምልክቱ ይበልጥ ይደክማል። በዚያ የሞገድ ርዝመት ከሰማይ የሚወርደው ሁካታ መቀበያው ራሱ ከሚያመነጨው እጅግ ስለሚበልጥ፣ የጉልበቱ ማነስ አይጎዳም። በታኅሣሥ ወር ጎድሊ ከኮኔቲከት የተላከ ሙሉ መልእክት ተቀበሉ።

ስለዚህ ሽቦ የሚመርጥ ሰው ምልክቱ ምን ያህል እንደሚጎላ ሳይሆን፣ ከሁካታው ምን ያህል እንደሚበልጥ መጠየቅ አለበት። «ጥሩ አቀባበል» የሚለውን «ጉልህ ድምፅ» ብሎ የተረጎመ፣ አንባቢውን ሁለቱንም እኩል ወደሚያጎላ ሽቦ ይመራዋል።

«ሁካታ» የብዙ ሰው ድምፅ ነው የሚል ተቃውሞ ይቀርብብን ይሆናል። እኛ የመረጥነውም ለዚሁ ነው፤ የሩቅ መብረቆች ድምር ማን ምን እንዳለ ከማይለይበት ገበያ አይለይም። «ማወክ»ን ደግሞ፣ ከዚያው ሥር የወጣ ቢሆንም፣ ምንጩ ተፈልጎ ሊጠፋ ለሚችለው እንተወዋለን፤ የጎረቤት ሞተር ወይም ሌላ ጣቢያ ያውካል። አዋኪውን ማስቆም ይቻላል፤ ለሁካታው ግን ያለው መላ ሽቦውን መምረጥና ማዞር ነው።

ካርል ጃንስኪ በሆልምዴል በሚሽከረከር አንቴና በ14.6 ሜትር ሞገድ የቅርብ መብረቅን፣ የሩቅ መብረቅንና ምንጩ ያልታወቀ የማያቋርጥ ሹሹታን ለዩ፤ በ1933 የሦስተኛው ምንጭ ከምድር ውጪ መሆኑን አስታወቁ። በጽሑፋቸው ርእስ የተጠቀሙበትን ቃል «ማወክ» ብሎ መመለስ ይቻል ነበር። እኛ ግን «ሁካታ» እንላለን፤ ፍኖተ ሐሊብን የሚያጠፋ የለምና።